የልብስ ስፌት መኪናና የቤት ውስጥ የእጅ ሥራ

የልብስ ስፌት መኪና በአገራችን በከተማም በገጠርም የታወቀ መሣሪያ ነው። በገበያ ቀን በየሱቁ በረንዳ ድምፁን ያልሰማ፣ በእርሱ የተሰፋ ልብስ ያልለበሰ ሰው የለም ማለት ይቻላል። ነገር ግን ሁለት ክሮች በጨርቅ ውስጥ እንዴት ተቆላልፈው እንደሚቀሩ ብንጠየቅ ብዙዎቻችን መልስ የለንም። እኔም እስካለፈው ክረምት ድረስ መልስ ከሌላቸው አንዱ ነበርሁ። ምክንያት አግኝቼ አንድ አሮጌ መኪና ፈትቼ ካየሁ በኋላ ግን የተረዳሁትን ለጓደኞቼ፣ ለመምህራኖቼና ለወላጆች በዚህ መጽሔት ላካፍል አሰብሁ።

ምክንያቱ እንደሚከተለው ነው። አያቴ በደብረ ዘይት ልብስ ሰፊ ነበሩ። መጽሔታችን ሩቅ አገር ላሉ ዘመዶችም ስለሚደርስ፣ ደብረ ዘይት ስል ቀድሞ በዚህ ስም ትጠራ የነበረችውን ቢሾፍቱን ሳይሆን፣ በመተከል ዞን በወምበራ ወረዳ የምትገኘውን የኛይቱን ደብረ ዘይት ማለቴ መሆኑን አስታውቃለሁ። አያቴ በእግር በሚረገጥ ሲንጀር መኪና ብዙ ዓመት ሲሠሩ ኖረው ዐረፉ። ከዚያ ወዲህ መኪናው አራት ዓመት ሙሉ በጓዳ ጥግ ቆሞ፣ ሰፌድና ሌማት እየተቀመጠበት፣ ከመሣሪያነት ወደ ጠረጴዛነት ተለወጠ።

ባለፈው ክረምት አሮጌ ብረት እየዞረ የሚገዛ ቁራሌው ወደ ቤታችን መጥቶ መኪናውን በኪሎ ሊገዛው ዋጋ ነገረ። የመስከረም ወጪ ተቃርቦ ነበርና፣ በተለይም ታናሽ እኅቴ ትምህርት ቤት የምትገባበት ዓመት ስለ ነበር፣ እናቴ ለመሸጥ ፈቀደች። የኔ ልብ ግን አልፈቀደም። አያቴ ዕድሜ ልካቸውን ሲዳስሱት የኖሩት ብረት ተሰባብሮ በጆንያ ሲሄድ ታየኝ። «እማዬ፣ እስከሚመጣው ገበያ ድረስ ብቻ ስጪኝ፤ ልሞክረው» ብዬ ለመንኋት። እርሷም ጥቂት ካሰበች በኋላ፣ «እሺ፤ ከሰፋ ይቀመጣል፤ ካልሰፋ ግን የእኅትህ ዩኒፎርም በእርሱ ዋጋ ነው የሚገዛው» አለችኝ። ስለዚህ የነበረኝ ጊዜ ሰባት ቀን ብቻ ነበር።

ሥራውን የጀመርሁት አቧራውን በመጥረግ ነው። ከአቧራው ሥር በመኪናው ጠፍጣፋ ብረት ላይ የተቀረጸ ቁጥር አገኘሁ፤ ከቁጥሩም ፊት ዋይ የሚባለው የላቲን ፊደል ነበረበት። የሲንጀር ኩባንያ በየመኪናው ላይ ተራ ቁጥር ይቀርጽ ስለ ነበር፣ ከቁጥሩ ፊት ያለው ፊደል መኪናው የት ፋብሪካና በየትኛው ዘመን እንደ ተሠራ ያመለክታል። በዚህ ፊደል የሚጀምሩት በስኮትላንድ አገር ክላይድባንክ በምትባል ከተማ፣ በፈረንጆች አቆጣጠር በ1920ዎቹና በ1930ዎቹ መጀመሪያ የተሠሩ ናቸው። እንግዲህ የኛ መኪና ዕድሜው ወደ ዘጠና ዓመት ወይም ከዚያ በላይ ነው ማለት ነው። የክላይድባንክ ፋብሪካ በዘመኑ እጅግ ትልቅ ነበር። ከሩቅ ይታይ የነበረው የሰዓት ማማው በ1963 ፈረሰ፤ ፋብሪካውም በ1980 ተዘጋ። ዛሬ በከተማው ያለ አንድ የባቡር ጣቢያ በሲንጀር ስም ይጠራል። ወላጁ ፋብሪካ ጠፍቶ መኪናው በወምበራ ጓዳ ውስጥ መቆየቱን ሳስብ፣ በኔ እጅ እንዳይሞት ይበልጥ ሰጋሁ።

አሁን ስለ መሣሪያው አመጣጥ ጥቂት ልናገር። የሚከተሉት ዘመናት ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው። የስፌት መኪና የአንድ ሰው ፈጠራ አይደለም። ባርተሌሚ ቲሞኒዬ የሚባል ፈረንሳዊ ልብስ ሰፊ በ1830 ለሠራው መኪና የባለቤትነት ፈቃድ ተቀበለ፤ በፓሪስ ከተማም በዚሁ መኪና የወታደር ልብስ የሚሰፋበት ሥራ ቤት ተከፈተ። ነገር ግን በ1831 የከተማው ልብስ ሰፊዎች እንጀራችንን ይነሣናል ብለው ፈርተው መኪናዎቹን ሰባበሯቸው። ቲሞኒዬም በ1857 በድህነት ሞተ። ቀጥሎ አሜሪካዊው ኤልያስ ሀው ዐይኑ በሹሉ ጫፍ በኩል የሆነ መርፌ ያለውና ሁለት ክር የሚያቆላልፍ መኪና ሠርቶ በ1846 ፈቃድ አገኘ። አይዛክ ሲንጀር ደግሞ በ1851 መርፌው ቀጥ ብሎ ከላይ ወደ ታች የሚወርድ፣ በእግር እየተረገጠ የሚሠራ መኪና አወጣ። አለን ዊልሰን የተባለው ሌላ አሜሪካዊም ጨርቁን በጥርስ እየገፋ የሚያስኬደውን ክፍል በ1854 አሻሻለ። የሲንጀር ኩባንያ ከ1856 ጀምሮ የመኪናው ዋጋ ጥቂት በጥቂት እንዲከፈል አድርጎ ስለ ሸጠ፣ ብዙ ገንዘብ የሌለው ቤተ ሰብ እንኳ ሊገዛው ቻለ። የስፌት መኪና ከፋብሪካ ወጥቶ ወደ መኖሪያ ቤት የገባበት አንዱ ምክንያት ይህ ነው።

ወደ አሠራሩ እንለፍ። በእጅ ስንሰፋ ክሩ አንድ ነው፤ የመርፌው ዐይን ከሹሉ በተቃራኒ ጫፍ ስለ ሆነ መርፌው ራሱ ጨርቁን ጨርሶ አልፎ በማዶ ይወጣል። የመኪና መርፌ ግን ዐይኑ ከሹሉ አጠገብ ነው፤ ጨርቁንም ጨርሶ አያልፈውም፤ ይወርድና በገባበት ይመለሳል። ክሩም ሁለት ነው፤ አንዱ ከላይ፣ አንዱ ከታች።

መርፌው የላይኛውን ክር ይዞ ጨርቁን በስቶ ይወርዳል። ወደ ላይ መመለስ ሲጀምር ክሩ በጨርቁ ተይዞ ስለሚዘገይ፣ ከመርፌው ጎን ትንሽ ቀለበት ይሠራል። ወዲያው ከታች ያለው ሹል መንጠቆ ዞሮ ይህን ቀለበት ይይዝና፣ የታችኛው ክር በተጠቀለለባት ትንሽ ብረት ዙሪያ ያሳልፈዋል። ይህችን ትንሽ ብረት ቦቢን ይሏታል። በዚህ ጊዜ የታችኛው ክር በላይኛው ክር ቀለበት ውስጥ ገባ ማለት ነው። ከዚያም በመኪናው ፊት ከፍና ዝቅ የሚለው ክንድ የላይኛውን ክር ይስበዋል፤ ሁለቱም ክሮች በጨርቁ ውፍረት መካከል ተቆላልፈው ይቀራሉ። በመጨረሻም ከጨርቁ ሥር ያሉት ጥርሶች ተነሥተው ጨርቁን ወደ ፊት ያራምዱታል፤ ዝቅ ብለውም ወደ ቦታቸው ይመለሳሉ። አንድ ስፌት ማለት ይህ ሁሉ ነው።

ይህን ሁሉ የሚያንቀሳቅሰው እግር ነው። ከታች ያለው ትልቁ መዘውር በቺንጋ ከላይኛው ትንሽ መዘውር ጋር ተያይዟል። እኔ በትልቁ መዘውር ላይ በጠመኔ ምልክት አድርጌ ብቈጥር፣ እርሱ አንድ ጊዜ ሲዞር መርፌው ከአራት ጊዜ በላይ ይወርዳል። በእጄ በአንድ ደቂቃ ውስጥ ሃያ ስፌት ያህል ስሰፋ፣ በመኪናው ግን ሳልቸኩል ሦስት መቶ ያህል ሰፋሁ። ለዚህም መብራት አላስፈለገኝም፤ መብራት በሚጠፋበት ቀን የእግር መኪና ሥራ አይፈታም።

አሁን ወደ ሰባቱ ቀናት ልመለስ። በመጀመሪያው ቀን መዘውሩ በእጅ እንኳ አልዞር አለኝ። ምክንያቱ ደግነት ነበር፤ ከቤተ ሰባችን አንዱ መኪናው እንዳይዝግ ብሎ የምግብ ዘይት አፍስሶበት ኖሯል። የምግብ ዘይት ሲቆይ ይደርቅና እንደ ሙጫ ይጣበቃል። እኔም መኪናውን ወደ ደጅ አውጥቼ፣ ከእሳት አርቄ፣ በሚነካካው ብረት መገጣጠሚያ ሁሉ ላምባ በጠብታ እያደረግሁ በአሮጌ ጨርቅ ጠረግሁ። በሁለተኛው ቀን ማታ መዘውሩ በግድ ሩብ ዙር ሄደ፤ በሦስተኛው ቀን ጧት ሙሉውን ዞረ። ላምባው ከተጠረገ በኋላ ንጹሕ የስፌት መኪና ዘይት በየቀዳዳው ሁለት ሁለት ጠብታ አደረግሁበት።

በዚያው ቀን ከቦቢኑ ሥር ያለውን ክፍል ብከፍት፣ የጥጥ ብናኝ ከዘይት ጋር ተጋግሮ እንደ ብርድ ልብስ ተነጥፎ አገኘሁ። እርሱንም በአሮጌ የጥርስ ብሩሽ አጸዳሁት። በአራተኛው ቀን ደርቆ የተበጠሰውን የቆዳ ቺንጋ ከለፋ ቆዳ በተቈረጠ ጠፍር ተካሁት።

በአምስተኛው ቀን በአቡጀዲ ጨርቅ ሞከርሁ። መኪናው ይሄዳል፤ ክሩ ግን አይያዝም። አንድ ሰፍቶ ሦስት ይዘላል። ከጧት እስከ ዘጠኝ ሰዓት ክሩን እየቀየርሁ፣ ማጥበቂያውን እያላላሁና እያጠበቅሁ ደከምሁ። እናቴ ምንም አልተናገረችም፤ ነገር ግን ቁራሌው ስለ ሰጠው ዋጋ ከጎረቤታችን ጋር ስትነጋገር ሰማኋት። ተስፋ ስቈርጥ አያቴ ሙያውን ወዳስተማሯቸው አንድ ልብስ ሰፊ ዘንድ ሄድሁ። እሳቸውም መጥተው ገና መርፌውን እንዳዩ፣ «ልጄ፣ መኪናው ምንም አልሆነ፤ መርፌው ፊቱን አዙሮብሃል» አሉኝ። የመኪና መርፌ በአንድ ጎኑ ረጅም ቦይ አለው፤ ክሩ ወደ ዐይኑ መግባት ያለበት በዚሁ በቦዩ በኩል ነው። በላይኛው ጫፍ ያለው ጠፍጣፋ ጎን ደግሞ ወደ መንጠቆው በኩል መዞር አለበት። መርፌው ከተገለበጠ ክሩ ቀለበቱን የሚሠራው በተሳሳተ ጎን ስለ ሆነ መንጠቆው አያገኘውም። መርፌውን አዞሩት፤ ወዲያው ሰፋ። አራት ቀን ብረት ስፍቅ ከርሜ ያስቸገረኝ የራሴ ስሕተት መሆኑን ሳውቅ አፈርሁም፣ ደስም አለኝ።

እንግዲህ በቤታቸው አሮጌ መኪና ላላቸው ሁሉ ከዚህ የተማርሁትን በአጭሩ ልንገር። መኪናው የቆመ እንደ ሆነ ለብረት ገዢ ከመስጠት በፊት መርፌውን፣ የቦቢኑን ሥር፣ ዘይቱንና ቺንጋውን ተራ በተራ መመርመር ይገባል። ከላይኛው በኩል ሳይሆን ከጨርቁ ሥር የክር ቀለበት ተንዠርግጎ ቢታይ፣ ጥፋቱ ብዙ ጊዜ የታችኛው ክር ሳይሆን የላይኛው ክር መላላት ነው። የመርፌው ቁጥር ውፍረቱን በሚሊሜትር መቶኛ ይነግራል፤ 90 ማለት 0.9 ሚሊሜትር ነው። ለስስ ጨርቅ 70፣ ለተራ የጥጥ ጨርቅ 80 ወይም 90፣ ለጂንስና ለወፍራም ጨርቅ 100 ወይም 110 ይስማማል። ለክርም ግምት እንዲሆን፣ አንድ ሜትር ስፌት ከላይና ከታች ተደምሮ ሦስት ሜትር ያህል ክር ይፈጃል። መለዋወጫ አይገኝም ተብሎም ተስፋ አይቈረጥ። በአገራችን ገበያ በተርፍላይ እየተባሉ የሚሸጡት የቻይና የእግር መኪኖች ንድፋቸው ከአሮጌው የሲንጀር ዓይነት የተወረሰ ስለ ሆነ፣ ለኛ መኪና የሚሆን መርፌና ቦቢን ከእነርሱው ዕቃ መካከል አግኝቻለሁ።

ከመኪናው ሌላ ለቤት ሥራ የሚያስፈልጉት ጥቂት ናቸው። አንደኛው መቀስ ነው። የጨርቅ መቀስ ወረቀት ሊቈረጥበት አይገባም፤ ወረቀት ስለቱን ቶሎ ያደነዝዘዋልና። አያቴ መቀሳቸውን ለደብተር መቍረጫ ስወስድባቸው ለምን ይቈጡኝ እንደ ነበር የገባኝ አሁን ነው። ሁለተኛው ሜትርና ጠመኔ ነው፤ ሁለት ጊዜ ለክቶ አንድ ጊዜ መቍረጥ ጨርቅ ያድናል። ሦስተኛው ካውያ ነው። እያንዳንዱ ስፌት እንደ ተሰፋ ቢተኰስ ልብሱ ቅርጹን ይይዛል፤ የከሰል ካውያ ከሆነ ግን ዐመዱ እንዳያቈሽሽ አስቀድሞ አራግፎ በአሮጌ ጨርቅ መሞከር ነው። አራተኛው ሰም ነው። ቁልፍና ጥልፍ በእጅ ሲሠራ ክሩን በንብ ሰም ሳብ ቢያደርጉት አይጠላለፍም፤ ቶሎም አይበጠስም።

በስድስተኛው ቀን እናቴ የታላቅ እኅቴን የድሮ ዩኒፎርም ከሣጥን አውጥታ ሰጠችኝ። ስፌቱን ክር በክር ፈታሁት። አንድን ልብስ ፈትቶ ማየት ከሁሉ የሚበልጥ ትምህርት ነው፤ እጅጌው፣ ኮሌታውና ወገቡ እያንዳንዱ እንዴት እንደ ተቈረጠ ግልጽ ሆኖ ይታያል። ጨርቁ በውጭ በኩል በፀሐይ ለቆ ነበር፤ በውስጥ በኩል ግን ቀለሙ ደኅና ስለ ነበር ገለበጥነው። በታናሽ እኅቴ ልክ ሲቈረጥ መቀሱን የያዘችው እናቴ ናት። አያቴ ሲቈርጡ በልጅነቷ አጠገባቸው ተቀምጣ ስታይ እንዳደገች በዚያ ቀን ነገረችኝ፤ ከዚያ በፊት ጠይቄያት አላውቅም ነበር።

በሰባተኛው ቀን ቁራሌው ጆንያውን ይዞ ሲመጣ፣ እኔ የቀሚሱን ጠርዝ እቀምቅም ነበር። በሩ ላይ ቆሞ ድምፁን ሰማና፣ «ይኼማ ይሠራል» ብሎ ሄደ። ኮሌታው ጠምሞብኝ ስለ ነበር እናቴ አስነሥታኝ ተቀመጠችና ፈትታ ደግማ ሰፋችው። እኅቴም መስከረም ላይ ያንኑ ለብሳ ትምህርት ቤት ገባች። ከተራረፈው ጨርቅ የደብተር ቦርሳ ሰፋሁላት፤ ከኔ አሮጌ ጂንስ ደግሞ ለእናቴ የገበያ ዘንቢል የሚተካ ከረጢት ሠራሁ።

አንዳንድ ጓደኞቼ በክረምቱ መኪና ሥር ተቀምጬ ሲያዩኝ፣ «አንተ ሰፌድ መስፋት ብቻ ቀረህ» እያሉ ስቀውብኛል። እኔም ሳቅሁ፤ ነገር ግን ነገሩን አሰብሁበት። የፓሪስ ልብስ ሰፊዎች መኪናውን የሰበሩት እንጀራቸውን ስለ ፈሩ ነው። በኛ አገር ግን ብዙ ዘመን የእጅ ጥበብን የጎዳው ፍርሃት ሳይሆን ንቀት ነበር። ዳግማዊ ምኒልክ በኛ አቆጣጠር በ1900 ዓ.ም. ብረት ሠሪውን፣ ሸማኔውንና ሌላውንም ሠራተኛ በሥራው መስደብ የሚከለክል ዐዋጅ እስከ ማውጣት የደረሱት ስለዚህ ነው። ዐዋጁ ከወጣ ከመቶ ዓመት በላይ ሆኖታል። እኛ ተማሪዎች በፊዚክስ ክፍል ስለ መዘውርና ስለ ቺንጋ እየጻፍን፣ ያንኑ መዘውር በጓዳችን በሰፌድ ሸፍነን ብናስቀምጠው ትምህርታችን ጐደሎ ይሆናል።

ስለዚህ ወንድሞቼና እኅቶቼ፣ በቤታችሁ የቆመ መኪና ካለ ክፈቱት፤ ከዚያ በፊትም የማን እንደ ነበረና ምን ይሰፋበት እንደ ነበር ወላጆቻችሁን ጠይቋቸው። ወላጆችም ልጆቻችሁ ዘይት የነካው እጅ ይዘው ቢመጡ አትቈጧቸው። የኛ መኪና ዛሬ በመስኮቱ አጠገብ ቆሟል። ሰፌዱና ሌማቱ ሌላ ቦታ ተፈልጎላቸዋል። ማታ ማታ ጥናቴን ስጀምር የመኪናውን ድምፅ ከወዲያ ክፍል እሰማለሁ፤ የምትሰፋውም እናቴ ናት።